ኢንዛይም ሲሠራ በምን ይታወቃል? ዩሪያ፣ ካርቦን 14 እና የጨጓራችን ነገር

በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን ከወትሮው ትንሽ ረዘም ይላል። ምክንያቱን ስታነቡት ትረዱናላችሁ፤ ጉዳዩ የብዙዎቻችን ጨጓራ ጉዳይ ነው።

ባለፈው ሰሚስተር፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው፣ አንድ ወንድማችን ሁለት የላብራቶሪ ወረቀት ይዞ ወደ ሳምንታዊው የሳይንስ ሐለቃችን መጣ። ሁለቱም ላይ «ኤች ፓይሎሪ፦ ፖዘቲቭ» ተብሎ ተጽፏል። የመጀመሪያው መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የተሰጠው ነው። ሁለተኛው አሞክሳሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲንና ኦሜፕራዞል ለ14 ቀን ውጦ ከጨረሰ ከሁለት ወር በኋላ የተሠራ ነው። በሁለተኛው ወረቀት ምክንያት ያንኑ መድኃኒት እንደገና ታዘዘለት፤ ወሰደ። ሕመሙ ግን አልለቀቀውም፤ አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ሊታዘዝለት ነው። ጥያቄው አጭር ነበር፦ «ባክቴሪያው አልሞት ብሎ ነው ወይስ ምርመራው መሞቱን ስለማያውቅ ነው?»

በዚያ ምሽት ከመካከላችን የፋርማሲም፣ የኬሚስትሪም፣ የሕክምና ላብራቶሪም ተማሪዎች ነበሩ። እውነቱን ለመናገር አጥጋቢ መልስ የሰጠ አልነበረም። ከዚያ በኋላ አነበብን፣ መምህራኖቻችንን ጠየቅን። ስናጣራ አንድ ቀላል የሚመስል ነገር የጥያቄው ሁሉ ቁልፍ ሆኖ አገኘነው፤ እሱም አንድ ነገር «አለ ወይ» ብሎ መጠየቅና «እየሠራ ነው ወይ» ብሎ መጠየቅ የተለያዩ መሆናቸው ነው። ወደ ኢንዛይምና ወደ ራዲዮአክቲቭ ካርቦን የወሰደንም ይኸው ነው።

ጠባሳና ቁስል

ወንድማችን ሁለቱንም ጊዜ የተሠራለት የደም ምርመራ ነበር። ይህ ምርመራ ባክቴሪያውን አያይም። የሚያየው ሰውነታችን ባክቴሪያውን ለመከላከል ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ፀረ እንግዳ አካሉ ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በደም ውስጥ ይቆያል። ጠባሳ ያየ ሰው ቁስል እንደነበረ ያውቃል፤ ቁስሉ ዛሬ ይድማ አይድማ ግን ጠባሳው አይነግረውም። ስለዚህ ከሕክምና በኋላ «ድኛለሁ ወይ?» ለሚል ሰው የደም ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ መልስ የለውም። ይህ የእኛ አስተያየት አይደለም፤ የጨጓራ ሐኪሞች መመሪያዎች የሚሉት ይህንኑ ነው።

ታዲያ ባክቴሪያው ዛሬ በሕይወት መኖሩን ምን ይናገራል? ሥራው። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ በጨጓራ ውስጥ ሳያቋርጥ የሚሠራው አንድ ሥራ አለ፤ ሥራውን የሚሠራለት ኢንዛይም ዩሪየዝ ይባላል።

ዩሪያን የማያውቅ የገበሬ ልጅ የለም

ከመካከላችን ከገጠር የመጣ ሁሉ ዩሪያን በጆንያ ያውቀዋል። ነጭ ፍሬ ፍሬ ማዳበሪያ ነው። ዩሪያ በደረቅ መሬት ላይ ተበትኖ እንዳይቀር፣ አፈር እንዲለብስ የሚመከረው ለምን እንደሆነ ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል? በአፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ዩሪየዝ አላቸው። ኢንዛይሙ አንድ የዩሪያ ሞለኪውልን ከውኃ ጋር ወስዶ ሁለት አሞኒያና አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያደርገዋል። ዩሪያው ላይ ላዩን ከሆነ አሞኒያው ወደ አየር ያመልጣል፤ የገበሬው ገንዘብም አብሮ ይተናል። የሽንት ቤት አፍንጫ የሚሰብር ሽታም የዚሁ ኢንዛይም ሥራ ነው።

ዩሪያ ኢንዛይም ሳያገኘው በውኃ ውስጥ በተለመደው የክፍል ሙቀት ቢቀመጥ ከመፈራረሱ በፊት አሥርት ዓመታትን ይቆያል። ዩሪየዝ ሲያገኘው ግን ከዓይን ጥቅሻ በፊት ያልቃል። ይህ ኢንዛይም በሳይንስ ታሪክም የራሱ ቦታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1926 (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጄምስ ሰምነር የተባለ አሜሪካዊ ከአንድ የባቄላ ዘመድ ፍሬ ዩሪየዝን ለይቶ በክሪስታል መልክ አወጣው። ክሪስታል ሆኖ የወጣ የመጀመሪያው ኢንዛይም ነበር። ኢንዛይም ፕሮቲን መሆኑን ብዙ ታላላቅ ኬሚስቶች አንቀበልም ብለው ስለነበር ሰምነር ለዓመታት ተከራከረ፤ በ1946 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ።

ኤች ፓይሎሪ ይህን ኢንዛይም የሚጠቀምበት ለኑሮው ነው። የጨጓራ አሲድ ፒኤች ከ1 እስከ 2 ይወርዳል፤ አብዛኛው ባክቴሪያ እዚያ አይኖርም። ኤች ፓይሎሪ ግን ከደማችን ወደ ጨጓራ የሚሰርገውን ዩሪያ እየሰበረ በአሞኒያው ዙሪያውን ያለዝባል፤ ለራሱ ትንሽ አሲድ አልባ መጠለያ ይሠራል። በጨጓራ ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን ዓለም እንዲቀበል ያደረጉት በፐርዝ፣ አውስትራሊያ የነበሩት ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ናቸው። በ1982 በፋሲካ በዓል ምክንያት የማሳደጊያ ሳሕኖቹ ከተለመደው ሁለት ቀን በላይ ሳይታዩ በመቆየታቸው ባክቴሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ በቅሎ ተገኘ። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን በጽዋ ጠጥቶ ራሱ ጨጓራው መቆጣቱን አሳየ (ይህን ማንም እንዲሞክር አንመክርም!)። ሁለቱ በ2005 የሕክምና ኖቤል ተሸለሙ።

አሁን ልብ የምንለው አንድ ነገር አለ። የሰው ልጅ ሴሎች ዩሪየዝ አይሠሩም። በሰውነታችን ውስጥ ዩሪያ ሲሰበር ከተገኘ ሰባሪው ባክቴሪያ ነው። በጤናማ አሲዳማ ጨጓራ ውስጥ ደግሞ ይህን በብዛት የሚሠራ ሌላ ባክቴሪያ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በጨጓራ ውስጥ የዩሪየዝን ሥራ መለካት ከቻልን የወንድማችንን ጥያቄ መለስን ማለት ነው።

በባሕር ውስጥ ጠብታን መለየት

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከሐለቃችን አንዱ «ታዲያ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለካት ነዋ!» አለ። ነገር ግን 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቁጭ ብሎ እንኳ በደቂቃ 9 ሚሊሞል ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። ከባክቴሪያው የመጣው ድርሻ በዚያ ውስጥ ይሰጥማል። አሞኒያውንም እንለካ ብንል በአንጀትና በጉበት መንገድ ላይ ይቀላቀላል። የባክቴሪያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከእኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመልክም በጠባይም አይለይም። እንዲለይ ከተፈለገ ገና ወደ ጨጓራ ሳይገባ ምልክት ሊደረግበት ይገባል።

በምልክት የመከታተልን ሐሳብ የጀመረው ጆርጅ ደ ሄቬሲ የተባለ የሃንጋሪ ተወላጅ ኬሚስት ነው። የካፌ ምግብ ለምንበላ ለእኛ የሚጥም ታሪክ ይተረክለታል። ወጣት ሳለ በማንቸስተር በኪራይ ቤት ሲኖር አከራዩ የተረፈውን ሥጋ መልሳ እንደምታቀርብ ጠረጠረ፤ እሷ ግን በየቀኑ ትኩስ ነው ትላለች። እሑድ ዕለት ከተረፈው ሥጋ ላይ ቅንጣት ራዲዮአክቲቭ ነገር ጣል አደረገበት። ከቀናት በኋላ የቀረበውን ወጥ በመሣሪያ ሲፈትሸው ጨረሩ እዚያው ተገኘ። ታሪኩ ይህን ያህል ነው፤ ቁም ነገሩ ግን በ1923 መጣ። ሄቬሲ በራዲዮአክቲቭ እርሳስ ምልክት ያለበትን ውኃ ለባቄላ ተክል አጠጥቶ እርሳሱ በሥር፣ በግንድና በቅጠል የት የት እንደደረሰ ለካ። በዚህ ዘዴው የ1943ን የኬሚስትሪ ኖቤል አገኘ።

ለዩሪያ የሚያስፈልገው ምልክት በካርቦኑ ላይ ነው፤ እሱም ካርቦን 14 ነው። ማርቲን ኬመንና ሳም ሩበን በ1940 በበርክሊ፣ ካሊፎርኒያ አገኙት። በኬሚስትሪ ጠባዩ እንደ ተራው ካርቦን ነው፤ ኢንዛይሙ በሁለቱ መካከል ልዩነት የለውም ማለት ይቻላል። በኒውክሊየሱ ግን ይለያል፤ 5,730 ዓመት ገደማ ግማሽ ዕድሜ አለው፤ ሲፈራርስ ደካማ ቤታ ቅንጣት ይለቅቃል። ኢንዛይሙ ልዩነቱን አያውቅም፣ ቆጣሪ መሣሪያው ግን ያውቃል። የዘዴው ጥበብ ሁሉ በዚህ ላይ ነው።

በላብራቶሪ የኢንዛይም ሥራ በዚህ መንገድ ሲለካ አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። ኢንዛይሙ የሚበላውን ነገር፣ ማለትም ሰብስትሬቱን፣ ምልክት ያለበት ያደርጉታል። ኢንዛይሙ ባለበት ናሙና ላይ ጨምረው ለተወሰነ ደቂቃ ይተዉታል፤ ከዚያ ሥራውን ያስቆሙታል። ቀጥሎ ያልተበላውን ሰብስትሬት ከተሠራው ውጤት ይለያሉ። ከዚህ ሁሉ አድካሚው ይህ መለየቱ ነው። አንዳንዱ በወረቀት ወይም በስስ ሽፋን ክሮማቶግራፊ፣ አንዳንዱ በማጣሪያ፣ አንዳንዱ በሟሟ ዘይት ይለያል። መለየቱ ካልተሟላ ቁጥሩ ሁሉ ውሸት ይሆናል፤ ምክንያቱም ቆጣሪው ካርቦን 14ን እንጂ የትኛው ሞለኪውል ውስጥ እንዳለ አያውቅም። ለዚህ ነው ኢንዛይም የሌለበት፣ ወይም ኢንዛይሙ በሙቀት የተገደለበት ማነጻጸሪያ ናሙና ሁልጊዜ አብሮ የሚሠራው። ፕራክቲካል ላይ «ብላንኩን» እየዘለላችሁ ለምትሄዱ ሁሉ ይህ መልእክት ነው!

ዩሪየዝ በዚህ ረገድ ለተመራማሪ የተመቸ ነው። ውጤቱ ጋዝ ስለሆነ ከፈሳሹ ራሱ ተለይቶ ይወጣል። በቱቦ ውስጥ ከሆነ ጋዙን በአልካሊ መያዝ ነው። በሰው ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሳንባ የመለየቱን ሥራ ይሠራልናል።

ከጨጓራ እስከ ትንፋሽ

የዩሪያ ትንፋሽ ምርመራ የሚባለው ይህ ነው። ታካሚው ቢያንስ ለ6 ሰዓት ምግብ ሳይበላ ይመጣል። 1 ማይክሮኩሪ ካርቦን 14 ያለበት ዩሪያ የያዘች ካፕሱል በውኃ ይውጣል። ካፕሱሉ በጨጓራ ይሟሟል። ኤች ፓይሎሪ ካለ ዩሪየዙ ዩሪያውን ይሰብራል፤ ምልክት ያለበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ደም ይገባል፣ በባይካርቦኔት መልክ ወደ ሳንባ ይደርሳል፣ በትንፋሽ ይወጣል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ታካሚው ወደ ፊኛ ይተነፍሳል። ባክቴሪያው ከሌለ ዩሪያው ሳይነካ ወደ ደም ገብቶ አብዛኛው በሽንት ይወጣል።

ለምን በካፕሱል? ለምን በ10 ደቂቃ? እነዚህን ሁለት ነገሮች ስንረዳ በጣም ተደሰትን። በአፋችን ውስጥም ዩሪየዝ ያላቸው ባክቴሪያዎች አሉ። ዩሪያው እንደ ሻይ ቢጠጣ እነሱ ቀድመው ይሰብሩታል፤ ጤነኛው ሰው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በሽተኛ ይመስላል። ካፕሱሉ አፍን አልፎ ይሄዳል፤ ስለዚህ አይታኘክም። በትልቁ አንጀት ውስጥም እንዲሁ ብዙ ዩሪየዝ አለ፤ ግን ዩሪያው እዚያ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። ከአፍ ኋላ፣ ከአንጀት በፊት ያለችው አጭር ጊዜ የጨጓራ ብቻ ናት። ኢንዛይምን በትክክል መለካት ማለት ብዙ ጊዜ የት እና መቼ ማየት እንዳለብህ ማወቅ ነው።

ትንፋሹ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በሚይዝ አልካሊ ፈሳሽ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። በአንዳንዱ ዘዴ ፈሳሹ ውስጥ ቀለም አለ፤ የተወሰነው መጠን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲገባ ቀለሙ ይጠፋል፤ «በቃ፣ ሞላ» ማለት ነው። (ታካሚው በቀጥታ ወደ ፈሳሹ በሚነፋበት ዘዴ ሜታኖል ስላለበት «ንፉ እንጂ አትሳቡ» ተብሎ በጥብቅ ይነገራል።) ከዚያ ቤታ ቅንጣት ሲመታው ብልጭ የሚል ፈሳሽ ይጨመርበትና በሲንቲሌሽን ካውንተር ይገባል። መሣሪያው በጨለማ ውስጥ ብልጭታዎቹን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ብልጭታው ሁሉ ስለማይያዝ ቆጠራው በመሣሪያው ብቃት ታርሞ በደቂቃ ስንት መፈራረስ እንደነበረ ይሰላል።

በስፋት በሚታወቀው የካፕሱል ምርመራ መለኪያው እንዲህ ነው፦ በናሙናው በደቂቃ ከ50 መፈራረስ በታች ከሆነ ኔጌቲቭ፣ 200 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፖዘቲቭ፣ በመካከል ያለው ያልተወሰነ ነው። ለኬሚስትሪ ልጆች ትንሽ ስሌት እንሥራ። 1 ማይክሮኩሪ ማለት በሰከንድ 37,000፣ በደቂቃ ደግሞ 2,220,000 መፈራረስ ነው። ናሙናው 1 ሚሊሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዟል እንበል። 60 ኪሎ የሚመዝነው ሰው በደቂቃ 9 ሚሊሞል ስለሚያስወጣ በ200 ቁጥር ላይ ያለ ታካሚ በደቂቃ የሚያስወጣው 1,800 መፈራረስ የሚሰጥ ካርቦን 14 ነው። ይህ ከዋጠው ከሺህ አንድ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን በግልጽ ይቆጠራል። በተፈጥሮ በትንፋሻችን ውስጥ ያለው ካርቦን 14 እንዳያሳስተን ብንፈራ፣ በ1 ሚሊሞል ትንፋሽ ውስጥ ያለው 0.16 ገደማ ብቻ ነው፤ በስድስት ደቂቃ አንድ ጊዜ ማለት ነው። ጠብታው በባሕር ውስጥ ቢሆንም ቀለም ተነክሯልና ይታያል።

ሌላም ያስደነቀን ነገር አለ። 1 ማይክሮኩሪ የሚሰጠው ንጹሕ የካርቦን 14 ዩሪያ ቢመዘን 1 ማይክሮግራም ገደማ ነው። ጉበታችን በቀን ከ20 ግራም በላይ ዩሪያ ያመርታል። ካፕሱሏ በሰውነታችን ውስጥ ያለውን የዩሪያ መጠን ልትለውጥ አትችልም፤ ትታያለች እንጂ አትረብሽም። ራዲዮአክቲቭ ያልሆነው ካርቦን 13 ለተመሳሳይ ምርመራ ሲውል 75 ሚሊግራም ገደማ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ካርቦን 13 በተፈጥሮ ከካርቦን ሁሉ 1.1 በመቶ ስለሆነ ምልክቱ ከዚያ በላይ ጎልቶ መውጣት አለበት።

«ራዲዮአክቲቭ ዋጥ ትሉናላችሁ?»

ይህን ትምህርት በሐለቃ ስናቀርብ ከእህቶቻችን አንዷ እጇን አውጥታ የጠየቀችው ነው፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በካርቦን 14 ቤታ ቅንጣት ጉልበት ዝቅተኛነት ምክንያት በሥጋ ውስጥ የሚሄደው ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ርቀት ነው። ከካፕሱሏ የሚገኘው መጠን 3 ማይክሮሲቨርት ገደማ ነው። የሰው ልጅ ከአፈር፣ ከአየር፣ ከሰማይና ከገዛ አካሉ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት የተፈጥሮ ጨረር ያገኛል፤ ይህም በቀን 6.6 ማይክሮሲቨርት ያህል ነው። ስለዚህ ካፕሱሏ የግማሽ ቀን ኑሮ ያህል ናት። የአሜሪካ የኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ1997 ይህችን ባለ 1 ማይክሮኩሪ ካፕሱል ያለ ልዩ የራዲዮአክቲቭ ፈቃድ ለታካሚ እንድትሰጥ የፈቀደውም ለዚህ ነው። እንዲያም ሆኖ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት ካርቦን 13 ይመረጣል። ጨረር የሌለበት አማራጭ እያለ ትንሹንም መተው ጥሩ ነው ብለን እናምናለን።

ከዲናችን አንጻር የተነሡ ሦስት ጥያቄዎችም ነበሩ። አንደኛው «ዩሪያ ከሽንት የሚገኝ ነጃሳ አይደለም ወይ?» የሚል ነው። አይደለም፤ ዩሪያ ከ1828 ጀምሮ ያለ ሽንት በላብራቶሪ ሊሠራ እንደሚችል ይታወቃል። ለምርመራ የሚውለውም ሆነ በጆንያ የሚመጣው ማዳበሪያ በኬሚካል መንገድ የተሠራ ነው። ሁለተኛው ስለ ካፕሱሉ ቅርፊት ነው። ጄላቲን ከከብትም ከአሳማም ስለሚሠራ መጠየቅ መብታችን ነው፤ አምራቹ ምንጩን ሊናገር ይችላል፤ አማራጭ ዘዴዎችም አሉ። አማራጭ በማይገኝበት ጊዜ ስላለው ብይን እኛ ተማሪዎች አንናገርም፤ ዑለሞቻችንን ጠይቁ። ሦስተኛው ስለ ጾም ነው። ምርመራው ባዶ ሆድ ስለሚጠይቅ «በረመዳን ቀን ላይ ይመቻላ!» ያሉ ነበሩ። ካፕሱልና ውኃ መዋጥ ጾሙን ስለሚያፈርስ አይመችም። ይህ አስቸኳይ ምርመራ ስላልሆነ በሻዕባን ወይም ከዒድ በኋላ ማድረግ ይሻላል።

ሥራ ፈት ኢንዛይም

ሥራን መለካት ደካማ ጎንም አለው። ሠራተኛው ቢተኛ የሞተ ይመስላል። ኦሜፕራዞልና ዘመዶቹ ባክቴሪያውን ሳይገድሉት ያዳክሙታል፣ ቁጥሩንም ይቀንሱታል። ስለዚህ ከምርመራው በፊት ኦሜፕራዞል ለ2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክና ቢስሙዝ ለ4 ሳምንት መቆም አለባቸው። ይህ ካልተጠበቀ ኔጌቲቭ የሚለው ወረቀት ሐሰት ሊሆን ይችላል። መድኃኒት የሚቆመው ግን በሐኪም ምክር ነው፤ በተለይ ቁስል ደምቶበት የሚያውቅ ሰው በራሱ እንዳያቆም።

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ ወንድማችንን ወደ ሐኪም ይዘነው ሄድን። በአገራችን በብዛት የሚታዘዙት የደምና የሰገራ ምርመራዎች ናቸው። የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ኢንዛይም አይለካም፤ ነገር ግን የባክቴሪያውን የራሱን ቁራሽ ስለሚፈልግ እንደ ደሙ ጠባሳ አያይም። ከትንፋሽ ምርመራው ጋር የሚጋራው ቅድመ ሁኔታም አለ፤ ኦሜፕራዞልና አንቲባዮቲክ ያሳስቱታል። ሐኪሙም ከዚያ ያልተለየ ነገር ነገሩን። ወንድማችን ኦሜፕራዞሉን ለ2 ሳምንት አቆመ። አንቲባዮቲኩን ከጨረሰ ደግሞ ከ4 ሳምንት በላይ ሆኖት ነበር። ሕመሙ ሲነሣበት ሐኪሙ የፈቀደለትን ተራ አሲድ ማርገቢያ ወሰደ። ከዚያ የሰገራ ምርመራው ተሠራ፤ ውጤቱ ኔጌቲቭ ሆነ።

አልሐምዱሊላህ፣ ሦስተኛው ዙር አንቲባዮቲክ ቀረ። ግማሽ ያህሉ የዓለም ሕዝብ ይህ ባክቴሪያ እንዳለበት ይገመታል፤ በአገራችንም የተሠሩ ጥናቶች ሲደመሩ ቁጥሩ በዚያው አካባቢ ነው። ክላሪትሮማይሲንን የሚቋቋም ዝርያ እየበዛ ባለበት ጊዜ በጠባሳ ላይ አንቲባዮቲክ መርጨት የአንድ ተማሪ ኪሳራ ብቻ አይደለም።

ሕመሙስ? ሐኪሙ ሲጠይቀው ለራስ ምታቱ በየቀኑ ማለት ይቻላል አይቡፕሮፌን እንደሚውጥ፣ አንዳንዴም ያለ ምግብ እንደሚውጠው ተናገረ። ይህ መድኃኒት የጨጓራን ሽፋን እንደሚጎዳ በፋርማሲ ክፍላችን ያሉ ሁሉ ያውቃሉ፤ ከመካከላችን ግን የጠየቀው አልነበረም። ሁላችንም ዓይናችንን ባክቴሪያው ላይ አድርገን ነበር። አይቡፕሮፌኑን አቁሞ መነጽር ተለካለት፤ ረመዳንን ሙሉውን ጾመ።

በሚቀጥለው እትም ኢንሻአላህ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ጉዳይ ይዘን እንመጣለን፤ ፍሎሪን 18 የተባለ ምልክት በስኳር ላይ ተደርጎ ሄክሶካይኔዝ የተባለውን ኢንዛይም ተከትሎ የካንሰርን ቦታ እንዴት እንደሚያሳይ እናያለን። የፍሎሪን 18 ግማሽ ዕድሜ 110 ደቂቃ ብቻ ነው። ካርቦን 14 ግን 5,730 ዓመት ነው። ለምን አንዱ ለዚህ ሌላው ለዚያ እንደተመረጠ እስከዚያ አስቡበት፤ መልሳችሁን ጁሙዓ ከሶላት በኋላ በሐለቃው ላይ ይዛችሁ ኑ።